በውቅያኖስ ላይ «ተረኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ቤተሰብ በሸራ ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገር ነው ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሲመሽስ የት ያድራሉ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ማደሪያ ይፈልጋል፤ መኪና ዳር ይዞ ይቆማል፤ በቅሎም ጭነቷ ይራገፍላትና ትታሰራለች። በውቅያኖስ መካከል ግን ለጀልባ መቆሚያ የለም። አትላንቲክ በአማካይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ የአንዲት የቤተሰብ ጀልባ የመልሕቅ ሰንሰለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጀልባዋ ቀንም ሌሊትም ትጓዛለች። እሷ እስከተጓዘች ድረስ አንድ ሰው ነቅቶ መቆየት አለበት። ያ ሰው ተረኛ ነው።

ቃሉን እናውቀዋለን። ተረኛ ሐኪም፣ ተረኛ ጥበቃ እንላለን። በባሕር ላይም ትርጉሙ ያው ነው፤ ሌሎቹ እንዲተኙ የሚነቃ ሰው ማለት ነው። ከካናሪ ደሴቶች ላስ ፓልማስ እስከ ካሪቢያኗ ሴንት ሉቺያ 2,700 የባሕር ማይል፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት ከአምስት እስከ ስድስት የባሕር ማይል ለምትሄድ ጀልባ ይህ የሦስት ሳምንት ገደማ መንገድ ነው። ጀልባዋን የሚገፋት ነፋሱ ቢሆንም ሃያ ሌሊት የሚያሻግራት ይህ ተራ ነው ብዬ አምናለሁ። እንቅልፍ ያጣ ቤተሰብ ሸራው ቢያምር፣ ጀልባው አዲስ ቢሆን አያተርፈውም።

ተረኛው ሌሊቱን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚቆም ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። በኤሌክትሪክ ኃይል መሪውን የሚያዞር አውቶፓይለት አለ፤ ከጀልባዋ ኋላ ተተክሎ በነፋሱ ኃይል ብቻ መሪውን የሚያዞር መሣሪያም አለ። ብሎንዲ ሃስለር የተባለው ብሪታኒያዊ እ.ኤ.አ. በ1960 በተደረገው የብቸኛ ተጓዦች ውድድር አትላንቲክን የተሻገረው እንዲህ ያለ መሣሪያ ገጥሞ ነው። መሪው ለመሣሪያ ሲሰጥ ለሰው የሚቀረው ማየት፣ መስማትና መወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብም በ5ኛው አንቀጹ ማንኛውም መርከብ ምንጊዜም በዓይንም በጆሮም ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያዝዛል። ደንቡ ትንሽ ጀልባና ትልቅ መርከብ ብሎ አይለይም። እናትና አባት ከሁለት ሕፃናት ጋር ብቻቸውን ቢሆኑም ግዴታው ግዴታ ነው።

ለምን ይህን ያህል ጥብቅ እንደሆነ የሚገባን ስናሰላው ነው። በትንሽ ጀልባ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ከውኃው በላይ ሁለት ሜትር ያህል ቢሆን፣ አድማሱ ከሦስት የባሕር ማይል አይርቅም። ትልቅ መርከብ በምሰሶው ላይ የሚያበራው ነጭ መብራት ቢያንስ ከስድስት ማይል እንዲታይ፣ የጎን መብራቶቹ ደግሞ ቢያንስ ከሦስት ማይል እንዲታዩ ደንቡ ይጠይቃል። በግራው ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ ነው። አንድ የጭነት መርከብ በሰዓት 20 ማይል፣ ጀልባዋ ደግሞ በስድስት ማይል ፊት ለፊት ቢመጡ፣ ነጩ መብራት ከታየ በኋላ የሚቀረው ጊዜ 14 ደቂቃ አይሞላም። ቀዩና አረንጓዴው ሲለዩ ሰባት ደቂቃ ይቀራል። ተረኛው ለሃያ ደቂቃ እንኳ ቢያሸልብ ባዶ የነበረው አድማስ መርከብ ሊያመጣበት ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች በየአሥር ወይም በየአሥራ አምስት ደቂቃው ደወል ይሞላሉ፤ ሲጮህ ይነሡና አድማሱን ዙሪያውን ቀስ ብለው ይቃኛሉ። ትልልቅ መርከቦች ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ የሚያሳውቅ መሣሪያ መያዝ ግዴታቸው ነው፤ ይህ ተረኛውን በጣም ይረዳዋል። ሁሉም ዓሣ አጥማጅ ግን መሣሪያው የለውም፤ በማዕበል ከመርከብ የወደቀ ኮንቴይነርም ምልክት አያሰማም።

መብራት ብቅ ሲል ተረኛው አቅጣጫውን በኮምፓስ ይለካል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካል። አቅጣጫው ከተለወጠ መርከቡ በፊት ወይም በኋላ ያልፋል። መብራቱ እየጎላ አቅጣጫው ያው ከሆነ ግን ሁለቱ ወደ ግጭት እየሄዱ ነው። ይህችን አንዲት ነገር የአሥር ዓመት ልጅ እንኳ ሊማራት ይችላል።

በድሮ መርከቦች ቀኑ በአራት አራት ሰዓት ይከፈል ነበር፤ የአሸዋው ሰዓት በተገለበጠ ቁጥር፣ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ደወል ይመታል። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለውን ተራ ግን ለሁለት ይሰነጥቁታል። በዚህ ምክንያት በቀን ሰባት ተራ ይሆናል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነም ከሁለቱ የመርከበኞች ቡድን አንዱ በየቀኑ ያንኑ ክፉ ሰዓት ሳይደርሰው ይፈራረቃል። እንዲህ ያለ ፍትሕ በአሮጌ የመርከብ ሕግ ውስጥ ማግኘት ልብ ያሞቃል። ሁለት አዋቂ ብቻ ያሉበት ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን በሦስት ሦስት ሰዓት ይከፍለዋል፤ ሰውነቱ እስኪለምደው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዳሉ።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ርክክቡ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው እንበል። አባት ወደ ውስጥ ይወርድና የእናትን እግር በቀስታ ይነካል። ነጩን መብራት አያበራም፤ ጨለማ የለመደ ዓይን ነጭ ብርሃን ካየ እንደገና ለመልመድ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ ቀይ አምፖል ብቻ ይበራል። እሷ የመንሳፈፊያ ሰደርያዋን ትለብሳለች፤ ከካቢኑ ሳትወጣ፣ ገና ደረጃው ላይ እያለች፣ የመታጠቂያዋን ገመድ ውጭ ካለው ቀለበት ጋር ትቆልፋለች። እሱ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዳላት በሹክሹክታ ይነግራታል፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው፣ በስተቀኝ ያለው ጥቁር ደመና ውሽንፍር ያዘለ ይመስላል፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት አንድ መርከብ በሰሜን አልፏል። መርከቡ ያለፈበትን ሰዓት፣ ቦታውንና የባሮሜትሩን (የአየር ግፊት መለኪያውን) ንባብ በመዝገቡ ላይ ጽፎታል። እሷ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ እሱ አይሄድም። የገመዱ ነገር ቀልድ የለውም፤ በሰዓት ስድስት ማይል የምትሄድ ጀልባ በአንድ ደቂቃ 185 ሜትር ትርቃለች፤ በማዕበል መካከል ያለ የሰው ራስ ደግሞ በሌሊት አይታይም። ወደ ጀልባዋ አፍንጫ መሄድ ካስፈለገ የተኛውን መቀስቀስ ሕግ ነው።

ተራው ጀልባዋ ከሰጠመች በኋላም ይቀጥላል። የቀድሞው የንግድ መርከብ መኮንን ዱጋል ሮበርትሰን ከባለቤቱ ከሊን፣ ከልጃቸው ከዳግላስ፣ ከመንትዮቹ ከኒልና ከሳንዲ እንዲሁም ከአንድ ወጣት ተሳፋሪ ጋር ከጋላፓጎስ ደሴቶች ወደ ምዕራብ ሲጓዝ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1972 ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች ሉሴት የተባለችውን ጀልባቸውን መትተው በደቂቃዎች ውስጥ አሰጠሟት። ስድስቱም መጀመሪያ በሚነፋ የሕይወት አድን ጀልባ፣ የሚነፋው ከጥቅም ውጭ ሲሆን ደግሞ ሦስት ሜትር ገደማ በምትሆን ጀልባ ላይ 38 ቀን ቆዩ። እዚያም በየተራ እየነቁ የገባውን ውኃ ወደ ውጭ ያፈሱና ባሕሩን ይቃኙ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መርከብ የአደጋ ጊዜ ርችታቸውን ሳያይ አለፈ። ጁላይ 23 ግን ቶካ ማሩ የተባለው የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ ብርሃናቸውን አይቶ አዳናቸው።

ልጆችስ? ትንንሾቹ ይተኙ፤ አልጋቸው ጀልባዋ ስትዘነበል እንዳይወድቁ በሸራ ጨርቅ ይጋረዳል። ከፍ ያለ ልጅ ግን ከወላጅ ጋር የማለዳ ተራ ይዞ አድማሱን ሊቃኝ፣ መዝገቡንም ሊጽፍ ይችላል። ልጅን ለማስደሰት ብቻ የሚሰጥ የይስሙላ ተራ ግን አልወድም። ልጅ ያውቀዋል። «መብራት ካየህ ቀስቅሰኝ» የተባለ ልጅ ኮከብ ከአድማስ ስትወጣ አይቶ አባቱን ቢቀሰቅስ፣ አባት ተነሥቶ ሊያይ፣ ሊያመሰግነውም ይገባል። ቢቆጣው በሚቀጥለው ሌሊት እውነተኛውን መርከብ አይነግረውም።

ደርሰው መልሕቅ ሲጥሉ ተራው ያበቃል። የመጀመሪያውን ሌሊት ሁሉም እኩል ይተኛል ይባላል። ሰውነት ግን ቶሎ አይረሳም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናት ትነቃለች፤ ወጥታ የወደቡን መብራቶች አንድ በአንድ ታያለች፤ የትኛውም እንደማይንቀሳቀስ አረጋግጣ ተመልሳ ትተኛለች።