በጅማ ዙሪያ ደብዳቤ ማድረስ፦ አዲስ ፖስተኛ መስመሩን እንዴት ይለምዳል

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ወረዳዎች ደብዳቤና ጥቅል የሚያደርሰው ሰው ስሙ እንደ ቀጣሪው ይለያያል። ፖስታ ቤት ከቀጠረው ፖስተኛ ነው፤ ፍርድ ቤት፣ ባንክ ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከሆነ መልእክተኛ ወይም ተላላኪ ይሉታል፤ በሞተር ሳይክል ለግል ድርጅት የሚሮጠው ደግሞ ኩሪየር ነው። የሦስቱም ራስ ምታት አንድ ነው። በእጃቸው ስም አለ፣ የሚፈልጉት ቤት አለ፣ በመካከሉ የቤት ቁጥር የለም። አዲስ ገቢው በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚማረው ይህን ክፍተት በሰው፣ በምልክትና በቀን መሙላት ነው።

ሣጥንና ደጅ

ዘመናዊው ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተጀመረ፤ አገሪቱ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረትን ተቀላቀለች። ከዚያ በፊት ደብዳቤ የሚጓዘው በእግረኛ ነበር። መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ ይሄዳል፤ ያየው ሁሉ የመልእክት ሰው መሆኑን ያውቅለታል። ዘመናዊው ፖስታ ከመጣ በኋላም ደብዳቤ በአብዛኛው ወደ ሣጥን እንጂ ወደ ደጅ አልሄደም። በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ራስጌ ‹ፖ.ሣ.ቁ.› የሚባለው ነገር የማይጠፋው ለዚህ ነው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲን 378 አንድ ቀን እንኳ ያልጻፈ የግቢው ተማሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የገጠሩ ሰው ሣጥን የለውም። ስለዚህ ደብዳቤው ‹በእገሌ በኩል› ተብሎ ይመጣል፤ እገሌ ማለት ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም የዘመድ ሱቅ ነው። ከአውቶብስ ረዳት እጅ መናኸሪያ ላይ የሚረከቡትም ብዙ ናቸው። ለአዲስ ፖስተኛ ይህ ‹በኩል› የሚለው ቃል ትልቅ እርዳታ ነው። ሁለት መቶ ቤት ከማጥናት በፊት ደብዳቤ የሚቀበሉና በእርግጥም የሚያደርሱ አሥር እገሌዎችን ማወቅ ይሻላል። የሚቀበሉና መሳቢያ ውስጥ የሚረሱትንም እንዲሁ።

ከአስፋልት ከተወረደ በኋላ

ጅማ ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ርቃ በደጋማ ኮረብቶች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። መንገዶቿ እንደ ጣት ተዘርግተው ይወጣሉ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ላይ ሰርቦ፣ በአጋሮው መንገድ የቡ፣ በቦንጋው መንገድ ሰቃ፣ በደዶው መንገድ ሸኪ አሉ፤ አራቱም ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚርቁ የወረዳ ከተሞች ናቸው። እስከ እነርሱ ድረስ ያለው ጉዞ ሥራ አይባልም፤ ሚኒባስ ያደርሳል። መስመር የሚባለው ባጃጅ ‹ከዚህ አላልፍም› ካለበት ቦታ ይጀምራል።

እዚያ የስልክ ካርታ ብዙ አይረዳም። የጅማ ቡና በጥላ ዛፍ ሥር ነው የሚበቅለው፤ ቤቱም ከቡናው ጋር እዚያው ጥላ ውስጥ ነው። ከሰማይ የተነሳው ምስል የሚያሳየው አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው። ከመንገድ ሲያዩትም የእንሰት አጥር፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ጨለም ያለ ነገር። ነባሮቹ የሚመክሩት አንድ ነገር አለ፦ መጀመሪያ ጊዜ በማለዳ ሂድ። እሳት ሲቀጣጠል ጭሱ ከዛፎቹ በላይ ይወጣል፤ ስንት ቤት እንዳለ ያኔ ይቆጠራል። እኩለ ቀን ላይ የሄደ ሰው ጫካ አይቶ ይመለሳል።

ምልክት ሲመረጥ የማይነቀል ነገር መሆን አለበት። ዋርካ፣ መስጊድ፣ ወፍጮ ቤት፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ የትምህርት ቤት አጥር ጥሩ ናቸው። ሰማያዊ በር፣ የታሰረ በቅሎ፣ የሱቅ ማስታወቂያ አይታመኑም። በግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ግድብ አካባቢ ደግሞ የድሮ ሰው ምክርም በጥንቃቄ ነው የሚሰማው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ሲጀምር ውሃው ሰፊ መሬት ያዘ፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ መንደሮች በእግር ግን ዙሪያ ጥምጥም ሆነዋል።

ርቀትን በተመለከተ፦ የጠየቁት ገበሬ ‹አቹማ› ካለ፣ ማለትም ‹እዚያችው ናት› ካለ፣ ምሳ ይዞ መሄድ ነው። እኔ አንድ ጊዜ በአንዲት ‹አቹማ› ሁለት ሰዓት ተጉዣለሁ፤ የመለሰልኝ ሰው ደግሞ አልዋሸም፣ እሱ በቀን ሁለቴ ይመላለስባታል። የሚሻለው ጥያቄ ‹ስንት ወንዝ እሻገራለሁ?› የሚል ነው። ወንዝ በቁጥር ይመለሳል።

ጠረጴዛው ላይ

ቀኑ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው ከመውጣት በፊት ነው። ልምድ ያለው ሰው ደብዳቤዎቹን በስም ፊደል ተራ አይደረድርም፤ በእግሩ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። መጀመሪያ የሚደርስበት ከላይ፣ መጨረሻው ከታች፤ በየመታጠፊያው መካከል አንድ የካርቶን ቁራጭ። ካርቶኑ ላይ በእርሳስ ‹ወፍጮ ቤት፣ ግራ› ተብሎ ተጽፏል። በእስክሪብቶ ቢጻፍ አንድ ዝናብ ሰማያዊ ኩሬ ያደርገዋል። ከባድ ጥቅል ወደ ቁልቁለቱ መጨረሻ ይመደባል፤ ሽቅብ ተሸክሞ ወጥቶ ባለቤቱ የለም መባል የሚያስመርር ነገር ነው።

መስመሩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያጠና ሰው ግማሹን ነው ያወቀው። ሲሄዱ በግራ ያለው ዋርካ ሲመለሱ በቀኝ ነው፤ በጥላ ውስጥ መታጠፊያው ሌላ ቦታ ይመስላል። በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ እጅም ቢሆን ከመጨረሻው ቤት ወደ መጀመሪያው መሄድ ዋጋ አለው።

ስም

ከመንገዱ ይልቅ ብዙ ደብዳቤ የሚያሳስተው ስም ነው። በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስም ነው ያለው። በአንድ ቀበሌ አምስት ከድር ቢኖሩ አያት ድረስ ሳይወርዱ መለየት አይቻልም። ላኪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያትን አይጽፍም።

በጅማ በዚህ ላይ ‹አባ› ይጨመርበታል። በቀድሞው ሥርዓት ሹማምንትና ተዋጊዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት አባ ጅፋር የሚታወቁበት ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው። ልማዱ ወደ መዝገብ ስም ገብቶ ዛሬ አባ ፊጣ፣ አባ መጫ፣ አባ ዲጋ የሚሉ የአባት ስሞች ሞልተዋል። አንዱ ጸሐፊ ‹አባፊጣ› ብሎ ያያይዘዋል፣ ሌላው ‹አባ ፊጣ› ብሎ ይለያየዋል፣ ሦስተኛው ‹አባ›ን የማዕረግ ቃል መስሎት ይተወዋል። ሦስቱም ደብዳቤ የአንድ ሰው ነው።

ፖስታው በአፋን ኦሮሞ ከተጻፈ ቁቤ፣ ማለትም ቋንቋው የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ማንበብ ግድ ነው። በቁቤ ‹ሲ› የምትባለው ፊደል ጨ ናት፣ ‹ኤክስ› ጠ ናት፣ ‹ኪው› ደግሞ ቀ። ይህን ያልተማረ ሰው አባ ፊጣን ‹አባ ፊክሳ› ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲጠይቅ ይውላል፤ ጫላንም ‹ካላ› ያደርገዋል። በአማርኛው በኩል ደግሞ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ አሉ። ሐሰንን በአንዱ ሐ ያጣው ሰው በሌላው ሀ ሳይፈልግ ‹የለም› ብሎ መመለስ የለበትም። አንድ ከሰዓት ቁቤ መማር ለዚህ ሥራ ከሞተር ይበልጣል እላለሁ።

ሴቶች ሲሆኑ ሌላ ነገር ይመጣል። ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ ፖስታው ላይ የአባቷ ስም ነው ያለው። ሰፈሩ ግን የሚያውቃት በልጇ ነው። በመታወቂያዋ ስም ሲጠየቅ ዝም ያለ መንደር ‹የእንትና እናት› ሲባል እጁን ይቀስራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተገኘች ሴት ማስታወሻው ላይ በሁለቱም ስሟ ትጻፋለች።

ሐሙስ፣ ዓርብና ዝናብ

የጅማ ከተማው የሂርማታ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን በዙሪያ ያሉ መንደሮች ወደ ከተማ ይጎርፋሉ። አዲሱ ሰው መንገዱ በሰው ሲሞላ ደስ ብሎት ቦርሳውን ይዞ ወደ ገጠር ይወጣና የተቆለፈ ቤት ይቆጥራል። ነባሩ በሐሙስ ከገበያ አይርቅም፤ ተቀባዮቹ ራሳቸው በአጠገቡ ያልፋሉ። እያንዳንዱ ትንሽ ከተማ የራሱ የገበያ ቀን አለው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ተጠይቆ ማስታወሻ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው።

ዓርብ መሥሪያ ቤቶች ከ5:30 እስከ 7:30 ይዘጋሉ፤ መንደሩም ጁምዓ ላይ ነው። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ሰው ማስቸገር አይገባም። ቡና በሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ጥር ቤት ውስጥ የሚቀረው አዛውንትና ሕፃን ነው። በቆሎ ሲደርስ ከዝንጀሮና ከከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ ያደሩት ደግሞ ጠዋት ይተኛሉ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ‹በርዕሰ መምህሩ በኩል› የተባለው ሁሉ መድረሻ ያጣል።

ዝናቡ ረጅም ነው። ሌላው አገር ክረምትን ሦስት ወር ሲል ጅማ ከመጋቢት ጀምራ እስከ መስከረም ትዘንባለች። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ጫማ ይነጥቃል፤ ሞተር ከፍሬን ይልቅ በጸሎት ይቆማል። በበጋ ሃያ ደቂቃ የፈጀ መንገድ በሐምሌ አንድ ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል። ጠዋት በእንጨት ድልድይ የተሻገሩት ጅረት ከሰዓት ድልድዩን ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፣ ማዶ ያለውን ሥራ አስቀድሞ መጨረስ የቆየ ደንብ ነው። ደብዳቤው በላስቲክ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ቦርሳው ዝናብ አያስገባም ቢባልም።

እጅ ላይ

ደጃፍ ላይ የመጀመሪያው ነገር ሰላምታ ነው። ከአጥር ውጭ ቆሞ ‹አካም ቡልተን› ብሎ መጣራት፤ መልስ ሳይመጣ አለመግባት። ከርከሮ ለማባረር የሰለጠነ ውሻ ፖስተኛን አይለይም። ውሃ ወይም ቡና ሲቀርብ ሁልጊዜ እንቢ ማለት ነውር ነው፤ በየቤቱ መቀመጥም ቀኑን ይበላል። ብዙዎቹ አንድ ቤት ይመርጣሉ፣ ለሌላው ‹ስመለስ› ይላሉ።

የአደራ ደብዳቤ በፊርማ ነው፤ መጻፍ የማይችል በጣት አሻራ ይፈርማል፣ አጠገቡ ምስክር ይቆማል። ለሕፃን አይሰጥም። ‹አንብብልኝ› የሚል ይኖራል፣ ያውም ብዙ። ከቻለ የቤቱ ተማሪ ልጅ ያንብብ። የፍርድ ቤት መጥሪያን ወይም የብድር ማስጠንቀቂያን ጎረቤት ፊት ጮክ ብሎ ያነበበ ፖስተኛ በዚያ ጎጥ ዳግመኛ በር አይከፈትለትም።

ስልክ ቁጥር ያለበት ፖስታ ሥራውን በግማሽ ያቀላል፤ ወጣቶቹም ሳይደውሉ አይወጡም። ቁጥሩ ግን ብዙ ጊዜ የልጅ ነው፣ ልጁም አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ነው። ‹እሺ ለአባባ እነግራለሁ› ይልና አባባ ሳይሰሙ ይመሻል።

ተቀባዩ ከጠፋ ፖስታው ጀርባ ላይ ምክንያቱ፣ ቀኑና ወሬውን የነገረው ሰው ይጻፋል፦ ‹ወደ ሸቤ ሄዷል፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እንዳለው›። ‹አልተገኘም› ብቻ የሚለው ጽሑፍ ላኪንም ሆነ ቀጣዩን ፖስተኛ አይጠቅምም። ሞቶ ከሆነ ለቤተሰብ ማስረከብ ያጓጓል፤ የአደራ ደብዳቤ ከሆነ ግን ‹ለላኪ ይመለስ› ተብሎ ከለቅሶ ቤቱ ይዘውት ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ እውቀት የሚኖረው በአንድ ሰው ኪስ ባለ ደብተር ነው። ሰውየው ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ደብተሩ አብሮት ቤቱ ይገባል፤ አዲሱ ከባዶ ይጀምራል። ንብረት በቁጥር እያረካከቡ ደብተሩን መዘንጋት ለእኔ የማይገባኝ ነገር ነው። ነባሩ ከመሄዱ በፊት ቢያንስ አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ዓርብና አንድ ዝናባማ ቀን ከአዲሱ ጋር መስመሩን ቢወጣ፣ ደብተሩንም ገጽ በገጽ ቢያስገለብጠው ግማሹ ችግር እዚያው ይቀራል።