የሌኮክ ገለልተኛ ጭምብል ምንድን ነው?

ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆማችሁ አላፊ አግዳሚውን ተመልከቱ። ጓደኛችሁን ከጀርባው፣ ገና ከሩቁ ትለዩታላችሁ። በምን? በአካሄዱ። አንዱ ደረቱን ያስቀድማል። አንዱ መሬት መሬቱን እያየ ይሄዳል። ሌላው ማንም ሳያባርረው ይጣደፋል።

ለተዋናይ ይሄ ጣጣ ነው። እኔ በሃይስኩል የድራማ ክበብ ሽማግሌ ሆኜ ተውኜ ነበር። ጋቢ ተከናነብኩ፣ ጎበጥኩ፣ ሳልኩ፣ በትሬን ይዤ ተንቀጠቀጥኩ። ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ አንዱ ከኋላ ወንበር ስሜን ጠርቶ "አካሄዱን አያችሁ?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ፈረንሳዊው የትወና መምህር ዣክ ሌኮክ ተማሪዎቹን ገለልተኛ ጭምብል ያስለብሳቸው የነበረው ለዚሁ ነው፤ ይሄን የየራሳቸውን ልማድ አይተው እንዲተዉት። ሌኮክ መነሻው ስፖርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ ጣሊያን ሄዶ ለዓመታት ሠራ። እዚያም አምሌቶ ሳርቶሪ ከሚባል ቀራፂ ጋር ሆኖ ከቆዳ የሚሠራውን ጭምብል አበጀ። በ1956 ፓሪስ ውስጥ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ትምህርት ቤቱ ኋላ ላይ የገባው ድሮ ቦክስ ይካሄድበት የነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ለእሱ የሚመች ቤት!

ጭምብሉ አይስቅም፣ አያለቅስም፣ አይቆጣም። ፀጥ ያለ ፊት ነው። ግን የሞተ ፊት አይደለም፤ ሁሉን ነገር ዛሬ ገና የሚያይ ሰው ይመስላል። ስታጠልቁት በዓይንና በከንፈር ማታለል ይቀራል። ወሬም የለም። ቀሪው ሥራ የወገብ፣ የትከሻና የእግር ነው። እዚህ ላይ ነው ተማሪው የሚጋለጠው። ለዘመናት የለመደው የትከሻ መወላገድ ጭምብሉ ሥር ፍጥጥ ብሎ ይወጣል።

አንዱ ልምምድ ስንብት ነው። የምትወዱት ሰው በመርከብ እየሄደ ነው፣ ወደብ ድረስ ሮጣችሁ ትሰናበቱታላችሁ። ዳግም አትገናኙም። እንደ ሰፈር ልጅ "ቻው ቻው" ብሎ እጅ ማወዛወዝ ጭምብሉ ላይ ያስቃል። ሌኮክ ታዲያ "እንዲህ አድርግ" አይልም ነበር፤ የማይሆነውን ብቻ ይናገር ነበር። መፍትሔውን ፈልጎ ማግኘት የተማሪው ዕዳ ነበር።

የጎንደር ሰው ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የበአታ ለማርያምን የአቋቋም ትምህርት ያውቃል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ትወና ነው እያልኩ አይደለም፣ በዚህ እንዳትጣሉኝ። ግን ስሙን ልብ በሉ፦ አቋቋም። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው እኩል ሲያሸበሽቡ የማን አካሄድ እንዴት እንደነበር ይጠፋችኋል።

ከገለልተኛው ጭምብል በኋላ ውሃ፣ እሳት፣ አየር፣ አፈር መሆን ይመጣል። ቀጥሎ እንስሳት፣ ቀጥሎም ጠባይ ያላቸው ጭምብሎች። ሁለት ዓመት የሚፈጀው ትምህርት ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሌኮክ የዓለም ትንሹ ጭምብል ይለው የነበረው ይደርሳል፤ ቀዩ የክላውን፣ ማለትም ሰው የሚያስቀው ተዋናይ፣ አፍንጫ። ያኔ ተማሪው ያን ሲሸሽገው የከረመውን የራሱን ጉድ አውጥቶ እንዲያጋንነው ይጠየቃል። ሃይስኩል የሳቁብኝ አካሄድ እዚያ ቢሆን ይፈለግ ነበር።