ስለ ክሎዝአውት ኔቲንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሁለት ባንኮች በኢስዳ (የዓለም አቀፉ የስዋፕና ዴሪቫቲቭ ማኅበር) እ.ኤ.አ. የ2002 ማስተር አግሪመንት (ግብይቶቹን ሁሉ የሚገዛ መደበኛ ዋና ውል) ሥር ብዙ የዴሪቫቲቭ ውሎች፣ ማለትም ዋጋቸው ከወለድ፣ ከምንዛሪና ከመሰለው የሚመነጭ ውሎች፣ አሏቸው እንበል። አንዱ ሲከስር ውሎቹ ሁሉ ሊቋረጡ ይችላሉ፤ ሲቋረጡ እያንዳንዱ ይተመናል፤ ተቀናንሶ አንድ ክፍያ ብቻ ይቀራል። ክሎዝአውት ኔቲንግ ይህ ነው።

«ሒሳብ ከማቅለል ያለፈ ጥቅም የለውም»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ጤነኛው ባንክ በወለድ ስዋፕ (የወለድ ክፍያ መለዋወጫ ውል) ለከሰረው 10 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ አለበት፤ በምንዛሪ ውል ደግሞ 7 ሚሊዮን ይፈልግበታል። ኔቲንግ ከሌለ የኪሳራው ንብረት ጠባቂ 10 ሚሊዮኑን ሙሉ ይቀበላል፤ ለ7 ሚሊዮኑ ግን «ከገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰለፍ» ይላል። ከዕዳው 20 በመቶ ቢደርሰው የሚያገኘው 1.4 ሚሊዮን ነው፤ ከኪሱ 8.6 ሚሊዮን ወጣ ማለት ነው። በኔቲንግ 3 ሚሊዮን ከፍሎ ይገላገላል። ጠባቂው የሚጠቅመውን ውል ይዞ የሚጎዳውን እንዳይጥል መሠረቱ፣ ግብይቶቹ ሁሉ አንድ ውል ናቸው የሚለው የማስተር አግሪመንቱ አንቀጽ 1(ሲ) ነው።

«የከሰረ ወገን ምንም አይከፈለውም»

ይከፈለዋል። ከላይ ያለው 3 ሚሊዮን ለከሰረው የሚሄድ ነው።

«ኪሳራ እንደታወጀ ውሉ በራሱ ይቋረጣል»

ራስ-ሰር መቋረጥ በሸጁሉ (ተዋዋዮቹ ምርጫቸውን በሚሞሉበት የውሉ አባሪ) ላይ ካልተመረጠ በቀር ማስታወቂያ መላክ ግድ ነው። የመቋረጫው ቀን ይጠቀስበታል፤ ከ20 ቀን በላይ ሊርቅ አይችልም። ብዙዎች የሚሳሳቱት በአላላኩ ነው፦ ተዋዋዮቹ ካላሻሻሉት በቀር በኢሜይል የተላከ አይጸናም። ራስ-ሰሩ ከተመረጠ ደግሞ ጤነኛው ባንክ ሳያውቅ ውሉ ያበቃል፤ ምትክ ሳይገዛ ገበያው ሊሸሸው ይችላል።

«ገበያው እስኪመች ክፍያ አቁሜ እጠብቃለሁ»

የአሜሪካው ኢንቨስትመንት ባንክ ሌማን ብራዘርስ እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2008 ለኪሳራ ሲያመለክት፣ ሜታቫንቴ የተባለ ኩባንያ ከሌማን ጋር የነበረውን የወለድ ስዋፕ ሳያቋርጥ፣ ሌላው ወገን ግዴታውን ሲያጓድል ክፍያን መያዝ የሚፈቅደውን አንቀጽ 2(ኤ)(iii)ን ተመርኩዞ መክፈል አቆመ። በ2009 የኒውዮርክ የኪሳራ ፍርድ ቤት ዳኛ ጄምስ ፔክ አንድ ዓመት ያህል በመጠበቁ የማቋረጥ መብቱን አጥቷል፣ ይክፈል ብለው ወሰኑ። የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ2012 ክፍያውን ይዞ መቆየት ይቻላል ብሏል። ስለዚህ ውሉ በየትኛው ሕግ እንደሚገዛ፣ ኪሳራውም የት እንደሚታይ አስቀድሞ ማየት ያሻል።

«ከተፈራረምን በቂ ነው»

ወሳኙ የከሰረው ወገን አገር የኪሳራ ሕግ ነው። ሕንድ ለዚሁ ብላ እ.ኤ.አ. በ2020 ራሱን የቻለ አዋጅ አውጥታለች። ኔቲንጉ እንደሚጸና የሚያረጋግጥ የሕግ አስተያየት የሌለው ባንክ ካፒታሉን የሚያሰላው በተቀናነሰው ሳይሆን ሳይቀናነስ ባለው ተጋላጭነት ነው።