የሊቲየም መኪና ባትሪ፦ ሲወርድ ማስነሳትና ቻርጅ ማድረግ

ሊቲየም ባትሪ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን በኤሌክትሪክ መኪና ወለል ሥር የተነጠፈው ትልቁ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ትንሹ፣ ስለ 12 ቮልቱ ነው። በር የሚከፍተውና የመኪናውን ኮምፒውተር የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። እሱ ከወረደ ትልቁ ባትሪ 90 በመቶ ቢሞላም መኪናው ንቅንቅ አይልም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ይህን ማወቅ ለብዙ ሰው ጠቃሚ ሆኗል።

ሊቲየምን ለማስነሻነት ለገዢ በማቅረብ ፖርሽ ቀዳሚ ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ.። ክብደቱ ከ6 ኪሎ በታች ነበር፣ ከተለመደው የእርሳስ አሲድ ባትሪ 10 ኪሎ ያህል ይቀል ነበር። ዛሬ ብዙ የቢዋይዲ ሞዴሎች ትንሹን ባትሪ ሊቲየም ያደርጉታል። ሁሉም የኤሌክትሪክ መኪና ግን እንዲህ አይደለም። በብዙዎቹ ውስጥ አሁንም ያው አሲድ ባትሪ ነው ያለው፤ ስለዚህ ቻርጀር ከማምጣት በፊት በባትሪው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

የተለመደው ዓይነት፣ ሊቲየም ብረት ፎስፌት፣ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሆኑ አራት ሴሎች አሉት፤ ድምሩ 12.8። ውስጡ ደግሞ ዘበኛ አለው፤ ቮልቱ ከልክ በታች ሲወርድ የኤሌክትሪኩን መውጫ በር የሚዘጋ ትንሽ ሰርኪዩት። ቴስተር ስታስነኩት 0.0 ያሳያል። አሲድ ባትሪ ቢሆን ኖሮ «ሞቷል» ብለን እንጥለው ነበር። ሊቲየሙ ግን ብዙ ጊዜ በሩን ዘግቶ ተኝቶ ነው። የሚያሳስተው ሌላው ቁጥር 12.6 ነው፦ ለአሲድ ባትሪ ሙሉ ማለት ነው፣ ለዚህኛው ሊያልቅ የተቃረበ።

የተኛውን ለመቀስቀስ ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር በቂ ነው፤ ትንሽ ካረንት እየለቀቀ ዘበኛውን ያስነሳል። ከ14.6 ቮልት ማለፍ የለበትም። የድሮ ቻርጀሮች አሲድ ባትሪን «ለማደስ» ከፍ ያለ ቮልት በምት በምት የሚለቁበት አሠራር አላቸው። ለሊቲየም ይህ እንደ ዱላ ነው። ለወራት ባዶውን የከረመ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ያለው መዳብ ሊሟሟና ሲሞላ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ካበጠ፣ ከጋለ ወይም የሚጣፍጥ ሽታ ካመጣ ቻርጅ አይነካውም፤ ይቀየር።

አሁን ወደ ገመዱ። ከመኪና መኪና ሲነሳ ሰጪው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያበድረው መኪና፣ 12 ቮልት መሆን አለበት። ሲኖትራክና መሰል ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ጎረቤት ቢሆኑም አይሆኑም። ቀዩ ገመድ መጀመሪያ ከወረደው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከሰጪው ፖዘቲቭ ይታሰራል። ጥቁሩ ከሰጪው ኔጌቲቭ ተነስቶ በወረደው መኪና ኮፈኖ ሥር ያለ ባዶ ብረት ላይ ያርፋል፣ ባትሪው ላይ አይደለም። አፈታቱ በተገላቢጦሽ ነው። ባዶ ሊቲየም ካረንት ይስባል፣ ያውም በሆዳምነት፤ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ የሰጪውም ዲናሞ ይጨነቃል። ስለዚህ ሲታሰር የሰጪው ሞተር ቢጠፋ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ የሚዞር ሞተሪኖ የለም። ገመዱ የሚፈለገው ኮምፒውተሩን ለመቀስቀስ ብቻ ነው። ሲነቃ ትልቁ ባትሪ ራሱ ትንሹን ይሞላል። በተቃራኒው የኤሌክትሪክ መኪናችሁን ለቤንዚን መኪና ሰጪ ማድረግ ብዙ አምራቾች ይከለክላሉ፤ ሞተሪኖ በመቶዎች አምፒር ይጠይቃልና።

ቅዝቃዜስ? ከ0 ዲግሪ በታች ሊቲየምን ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ይጎዳል፦ ሊቲየሙ እንደ ብረት ሽፋን ይጋገራል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ለአንድ ሌሊት ያሰጋ ይሆናል፤ ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ላላችሁ ግን የወራት ጉዳይ ነው። ማውጣት ግን ከመሙላት ይለያል። ሊቲየም ማስነሻ ባለው የቤንዚን መኪና ጠዋት መብራቱን ለጥቂት ደቂቃ ማብራት ባትሪውን ከውስጥ ያሞቀዋል። ሞተሪኖው መጀመሪያ ቢያቃስት አትደንግጡ፤ ሁለተኛው ሙከራ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይሻላል።