የአውሮፓ ኅብረት የማሸጊያ ደንብና የላኪዎች ዝግጅት

የአውሮፓ ኅብረት የማሸጊያና የማሸጊያ ቆሻሻ ደንብ፣ በመለያ ቁጥሩ 2025/40፣ ወደ ኅብረቱ 27 አገሮች ገበያ የሚቀርብ ዕቃ የሚታሸግበትን ከረጢት፣ ካርቶን፣ ጆንያ፣ ጠርሙስና ፓሌት ሁሉ የሚመለከት ሕግ ነው። ዕቃው ሚላን ይመረት ጅማ፣ ማሸጊያው ፕላስቲክ ይሁን ወረቀት ወይም እንጨት፣ ሕጉ አይለይም። የጸናው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 ሲሆን፣ አብዛኛው ድንጋጌ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ኦገስት 12 ቀን 2026 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉት የአውሮፓ ቀኖች በሙሉ በእነሱው አቆጣጠር ናቸው።) የቀድሞው የ1994 መመሪያ እያንዳንዱ አገር የራሱን ሕግ አውጥቶ የሚያስፈጽመው ስለነበር አንዱ አገር ከሌላው የተለየ ነገር ይጠይቅ ነበር። አዲሱ ደንብ ግን ማሸጊያው ራሱ ሊያሟላ የሚገባውን በሁሉም አገር አንድ ያደርገዋል።

መነሻው የቆሻሻው ብዛት ነው። በ2022 በኅብረቱ ውስጥ ለአንድ ነዋሪ በአማካይ 186.5 ኪሎ ግራም የማሸጊያ ቆሻሻ ተመዝግቧል። አባል አገሮች ይህን የነፍስ ወከፍ መጠን ከ2018ቱ ጋር ሲነጻጸር በ2030 በ5፣ በ2035 በ10፣ በ2040 በ15 ከመቶ የመቀነስ ግዴታ አለባቸው። ሸክሙ ከመንግሥታቱ ወደ ኩባንያዎች፣ ከኩባንያዎቹም ወደ አቅራቢዎቻቸው ይወርዳል። ቡና፣ አበባ፣ ሰሊጥ፣ አቮካዶና ቅመማ ቅመም ከኢትዮጵያ የሚልክ ድርጅት የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ነው።

ኃላፊው ማን ነው

ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ላኪዎችም የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። ደንቡ «አምራች» የሚለው ማሸጊያውን በማሽን የሠራውን ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ማሸጊያውን ወይም የታሸገውን ምርት በራሱ ስም ወይም የንግድ ምልክት ያሠራ ሰው አምራቹ እሱ ነው። ቡናውን ቆልቶ በራሱ ምልክት በታተመ ከረጢት የሚልክ የአዲስ አበባ ድርጅት፣ ከረጢቱ ሌላ አገር ቢታተምም፣ በሕጉ ዓይን አምራች ነው። ከ10 በታች ሠራተኛ ላላቸው ጥቃቅን ድርጅቶች ኃላፊነቱን ወደ ማሸጊያ አቅራቢው የሚያዞር ድንጋጌ አለ። ይሁን እንጂ የሚሠራው ሁለቱም በአንድ አባል አገር ውስጥ ሲገኙ ስለሆነ የኢትዮጵያን ላኪ አያድነውም።

ሁለተኛው ኃላፊ የቆሻሻውን ወጪ የሚሸከመው ወገን ነው። ማሸጊያው ወደ አንድ አገር ገበያ መጀመሪያ ሲገባ ተመዝግቦ ለመሰብሰቢያና ለመልሶ መጠቀሚያ የሚከፍለው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ አስመጪው ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሸማች በፖስታ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ራሱ ይሆናል። ሁለቱ ኃላፊነቶች የተለያዩ ስለሆኑ በሽያጭ ውሉ ውስጥ ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። «የማሸጊያ ጉዳይ የገዢው ነው» የሚል አንድ መስመር የአምራችነትን ግዴታ አያነሳም።

በመጀመሪያው ቀን የሚጠየቀው

ከኦገስት 12 ቀን 2026 ጀምሮ የሚጸኑት ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው፤ የኬሚካል ገደብና ሰነድ።

በማሸጊያው ውስጥ ያለው እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪና ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም (መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት) ተደምሮ በኪሎ ግራም ከ100 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ገደቡ ከድሮው መመሪያ የተወረሰ ነው። አደጋው የሚመጣው በአብዛኛው ከቀለም ነው፤ በተለይ በጆንያ ላይ ለሚታተም ጽሑፍ የሚውል ርካሽ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም እርሳስና ክሮሚየም ያለበት ሊሆን ይችላል። በኤክስሬይ የሚሠራው የእጅ መለኪያ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የክሮሚየሙን ጠቅላላ መጠን እንጂ ዓይነቱን አይለይም። ስለዚህ ውጤቱ ወደ ገደቡ ከተጠጋ ናሙናው ለላቦራቶሪ ይሰጣል።

ምግብ ለሚነካ ማሸጊያ ደግሞ ፒፋስ በሚባሉት፣ ቅባትና ውኃ በማያሳልፉ የፍሎሪን ውህዶች ላይ አዲስ ገደብ ተጥሏል። ተለይቶ ለተለካ ለእያንዳንዱ ውህድ ከቢሊዮን 25 እጅ፣ ለድምራቸው ከቢሊዮን 250 እጅ፣ ፖሊመሮቹን ጨምሮ ሲታይ ከሚሊዮን 50 እጅ ነው። መጀመሪያ ጠቅላላ ፍሎሪን ማስለካት ወጪ ይቆጥባል፤ በኪሎ ግራም ከ50 ሚሊ ግራም ካለፈ የፍሎሪኑ ምንጭ በሰነድ መረጋገጥ ይኖርበታል። ቅባት የማያሳልፍ ወረቀትና የወረቀት ከረጢት ቀድመው መመርመር ያለባቸው እነዚህ ናቸው።

ሰነዱ የሚባለው ቴክኒካዊ ፋይልና የተስማሚነት መግለጫ፣ ማለትም ማሸጊያው ደንቡን እንደሚያሟላ አምራቹ በጽሑፍ የሚያረጋግጥበት ወረቀት፣ ነው። ምዘናውን የሚያካሂደው አምራቹ ራሱ ነው፤ የሦስተኛ ወገን የምስክር ወረቀት ግዴታ አይደለም። ይህ በደንብ መታወቅ አለበት፤ «የአውሮፓ የማሸጊያ ሰርተፍኬት» ብሎ ማኅተም የሚሸጥ አማካሪ ሕጉ የማይጠይቀውን እየሸጠ ነው። ፋይሉ አንድ ጊዜ ለሚያገለግል ማሸጊያ 5 ዓመት፣ ደጋግሞ ለሚያገለግል 10 ዓመት ይቀመጣል። በማሸጊያው ላይ መለያ ወይም የምርት ዙር ቁጥር፣ የአምራቹ ስምና የፖስታ አድራሻ ይሰፍራል፤ አስመጪውም የራሱን ይጨምራል።

ፋይሉ እንዴት ይዘጋጃል

የሚጀመረው ከመጋዘን ነው። ከድርጅቱ የሚወጣ እያንዳንዱ ዕቃ ከነማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና አንድ በአንድ ይፈታል። ከረጢቱ፣ የአየር ማስወጫ ቫልቩ፣ ተለጣፊው፣ ካርቶኑ፣ የካርቶኑ ፕላስተር፣ የፓሌቱ መጠቅለያ ፕላስቲክ፣ ማሰሪያው ሁሉ የየራሱ መስመር ያገኛል። እያንዳንዱ ክፍል እስከ 0.1 ግራም በሚለይ ሚዛን ይመዘናል። ቀላል ነገሮችን 10 ፍሬ በአንድነት መዝኖ ለ10 ማካፈል የተሻለ ነው፤ የአንድ ተለጣፊ ክብደት ብቻውን ሲለካ ስህተቱ ትልቅ ነውና። ከክብደቱ ጎን ቁሱ፣ ቀለሙ፣ ምግብ መንካት አለመንካቱ፣ የአቅራቢው ስምና የአቅራቢው የዕቃ ኮድ ይጻፋል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ አቅራቢ ደብዳቤ ይሄዳል። ደንቡ አቅራቢዎች ለምዘና የሚያስፈልገውን መረጃ ለአምራቹ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ምርታችን ለምግብ ተስማሚ ነው» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ይህ ለፋይሉ አይበቃም። የሚበቃው የዕቃውን ኮድ የሚጠቅስ፣ የቁሱን ንብርብሮች ከነውፍረታቸው የሚዘረዝር፣ ከላይ የተጠቀሱትን ገደቦች በቁጥር የሚያረጋግጥ፣ ቀን ያለውና የምርመራ ውጤት የተያያዘበት ሰነድ ነው። መርካቶ ከመደብር የተገዛ፣ ፋብሪካው የማይታወቅ ካርቶን ግን ደብዳቤ የሚጻፍለት የለውም። በየወሩ ከተለያየ ነጋዴ የሚገዛ ድርጅት በየግዢው ማስመርመር ይኖርበታል፤ ከአንድ ፋብሪካ ጋር መዋዋል ይረክሳል።

ፓሌት ላይ የሚታየው የእንጨት ማኅተም ሌላ ጉዳይ ነው። እንጨቱ መሐል ድረስ ለ30 ደቂቃ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቁን፣ ማለትም ተባይ እንደሌለበት የሚያሳይ ነው፤ የዚህን ደንብ ሰነድ አይተካም።

የቡና ከረጢት

በ2030 ትልቁ ጥያቄ ማሸጊያው ተመልሶ ጥሬ ዕቃ መሆን መቻሉ ነው። ከማሸጊያው ክብደት ተመልሶ ጥሬ ዕቃ ሊሆን የሚችለው ድርሻ ሲታይ ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከ95 ከመቶ ጀምሮ «ሀ»፣ ከ80 ጀምሮ «ለ»፣ ከ70 ጀምሮ «ሐ» ልንላቸው እንችላለን። ከ70 በታች የሆነ ገበያ አይገባም፤ ከ2038 ጀምሮ ሦስተኛውም ደረጃ ከገበያ ይወጣል። ዝርዝር መመዘኛውን የአውሮፓ ኮሚሽን እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2028 እንዲያወጣ ታዟል።

የተቆላ ቡና ከረጢት ከባዱ ፈተና ነው። የተለመደው ባለ ሦስት ንብርብር ነው፤ ውጪው የሚታተምበት ፖሊስተር፣ መሐሉ አሉሚኒየም፣ ውስጡ የሚጣበቀው ፖሊኤቲሊን። አሉሚኒየሙ ኦክስጅንና እርጥበት ስለማያሳልፍ የቡናው መዓዛ ይቆያል። ነገር ግን ሦስቱ በሙጫ አንድ ስለሆኑ በመለያ ፋብሪካ አይላቀቁም። አማራጩ ሙሉ በሙሉ ከፖሊኤቲሊን የተሠራና በመሐሉ እጅግ ስስ የኦክስጅን መከላከያ ያለው ከረጢት ነው፤ ቫልቩም ከዚያው ከፖሊኤቲሊን መሆን አለበት።

ለውጡ በማሸጊያ ማሽኑ ላይ ችግር ያመጣል። በድሮው ከረጢት ውጪው ፖሊስተር በከፍተኛ ሙቀት ስለሚቀልጥ የማሽኑ ጥርስ ቢግልም አይነካውም ነበር። በአዲሱ ግን ውጪውና ውስጡ የሚቀልጡበት ሙቀት ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ሙቀቱ ትንሽ ሲያልፍ ከረጢቱ ጥርሱ ላይ ይለጠፋል፤ ትንሽ ሲያንስ ደግሞ ስፌቱ አይይዝም። መፍትሔው ሙቀቱን በ5 ዲግሪ ልዩነት እያስተካከሉ መሞከር፣ ማሽኑን ማዘግየትና የቡና ዱቄት በስፌቱ መስመር እንዳይቀር ማድረግ ነው። የተፈጨ ቡና የሚያሽጉ በዚህ ይበልጥ ይቸገራሉ። የታሸጉትን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ መመልከት ቀላሉ የመፍሰስ ፈተና ነው። ቡናው መደርደሪያ ላይ በሚቆይበት ዘመን ላይ ግን አቋራጭ የለም፤ 12 ወር ይቆያል ተብሎ የሚጻፍ ከሆነ ሙከራው ዛሬ መጀመር አለበት።

ሌላው ጥቁር ቀለም ነው። በካርቦን የተሠራ ጥቁር የመለያ ማሽኖቹን የኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚውጥ ከረጢቱ ለማሽኑ አይታይም፤ ቁሱ ጥሩ ቢሆንም ወደ ማቃጠያ ይሄዳል። ጥቁር ከረጢት የሚወድ ላኪ ካርቦን የሌለበትን ቀለም ከአታሚው መጠየቅ አለበት።

በ2030 በፕላስቲኩ ውስጥ ተመልሶ የመጣ ፕላስቲክም መኖር አለበት፤ ምግብ ለሚነካና ፔት (የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ) ላልሆነ ቢያንስ 10 ከመቶ፣ ምግብ ለማይነካ 35 ከመቶ። ለጥሬ ቡና በጆንያ ውስጥ የሚገባው አየር የማያሳልፍ ላስቲክ የመጀመሪያው ውስጥ ይወድቃል። ለምግብ የተፈቀደ ተመላሽ ፖሊኤቲሊን አቅራቢው ጥቂት ስለሆነ አስቀድሞ መፈለግ ይሻላል።

የካርቶን ባዶ ቦታ

ከ2030 ጀምሮ በማጓጓዣ ካርቶን ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ከ50 ከመቶ መብለጥ አይችልም። የተቀዳደደ ወረቀትም ሆነ አየር የተሞላ ፕላስቲክ እንደ ባዶ ይቆጠራል። 40 በ30 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ካርቶን 24,000 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይይዛል። 8 በ6 በ20 የሆኑ 12 የቡና ከረጢቶች 11,520 ናቸው፤ ባዶው 52 ከመቶ ስለሆነ ይወድቃል። እነዚያኑ ከረጢቶች 4 በ3 ደርድሮ 33 በ19 በ21 በሆነ ካርቶን ቢያሽጉ ባዶው ወደ 12.5 ከመቶ ይወርዳል፤ በአንድ ፓሌት የሚጫነውም ይበዛል።

በአትክልትና ፍራፍሬ በኩል ሁለት ቀኖች መያዝ አለባቸው። በአቮካዶ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ተለጣፊ ከፌብሩዋሪ 12 ቀን 2028 ጀምሮ በኢንዱስትሪ ብስባሽ ማምረቻ የሚበሰብስ መሆን አለበት፤ የሻይ ከረጢትም እንዲሁ። ከ1.5 ኪሎ በታች የሆነ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት አንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል ፕላስቲክ ማሸግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2030 ይከለከላል፤ ፎሶሊያና እንጆሪ በትንንሽ ዕቃ የሚልኩ፣ ገዢው አገር ምርቱ እንዳይጠወልግ የፈቀደው የተለየ ሁኔታ መኖሩን መጠየቅ አለባቸው። የቁስ ዓይነትን የሚያሳየው የጋራ ምልክት በኦገስት 2028 ይጠበቃል። ስለዚህ የታተመ ከረጢት ርካሽ ነው ብሎ የሦስት ዓመት ክምችት ማዘዝ አይበጅም።

ጀርመን ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና አስመጥተው የሚሸጡ የሐበሻ ሱቆች ግን 2026ን የሚጠብቁበት ምክንያት የለም። በጀርመን የማሸጊያ ሕግ ከ2019 ጀምሮ ለሸማች የሚደርስ ማሸጊያ ወደ አገሪቱ የሚያስገባ ነጋዴ፣ ከመጀመሪያው ከረጢት አንሥቶ፣ ሉሲድ በተባለው መዝገብ መመዝገብና ከአንድ የመሰብሰቢያ ድርጅት ጋር መዋዋል አለበት። ምዝገባው ነጻ ነው፤ ለሰብሳቢው የሚከፈለው በየቁሱ ክብደት ስለሚሰላ ከላይ የተባለው የሚዛን ሰንጠረዥ እዚህም ያገለግላል። ሳይዋዋሉ መሸጥ እስከ 200,000 ዩሮ ሊያስቀጣ ይችላል፤ ከጁላይ 2022 ወዲህም የኦንላይን ገበያዎች ምዝገባ የሌለውን ሻጭ ማስተናገድ አይፈቀድላቸውም።