ጂኦካሺንግ ምንድን ነው? ስልኩ የሚያሳየውስ ነጥብ ነው ወይስ ክብ?

ጂኦካሺንግ አንዱ ሰው ክዳን ያለው ዕቃ ሸሽጎ የቦታውን ኮኦርዲኔት ሲያስታውቅ፣ ሌላው ያንን ቁጥር ይዞ በእግሩ በመሄድ የሚያገኝበት፣ በውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙን ጽፎ ዕቃውን ወደ ቦታው የሚመልስበት ጨዋታ ነው። ይህን ያህሉ ግልጽ ስለሆነ አላቆይበትም። ብዕር ያስነሣኝ፣ በሰሜን ሸዋ በሚገኘው በወፍ ዋሻ ደን ስለሚደረግ የእግር ጉዞ ሲወራ «ጂፒኤሱ (ቦታን በሳተላይት የሚለየው የስልኩ መሣሪያ) ዕቃው ላይ ያቆምሃል፤ እዚያ ካጣኸው ተሰርቋል» የሚለው አነጋገር መደጋገሙ ነው። መሬት በመለካት ለሚተዳደር ሰው ይህ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ስህተቱ የሚጀምረው ከቁጥሩ መልክ ነው። ኮኦርዲኔቱ የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ሲሆን፣ ደቂቃው ሦስት የአስርዮሽ አሃዞች አሉት፤ የኬክሮሱ የመጨረሻ አሃዝ በአንድ ሲቀየር መሬት ላይ የሚያመጣው ልዩነት 1.85 ሜትር ያህል ነው። ተናጋሪው ይህን አይቶ መሣሪያው ከ2 ሜትር በላይ አይስትም ይላል። ቁጥሩ ተብራርቶ መጻፉና ልኬቱ መታመኑ ግን ለየቅል ናቸው። ተራ ስልክ ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ሜዳ እንኳ 5 ሜትር ገደማ ይስታል፤ ዕቃውን የሸሸገውም ሰው የለካው በዚያው ዓይነት ስልክ ነው። (ሁለቱ ስህተቶች አንዱ ከሌላው ነጻ ከሆኑ ድምራቸው 10 ሳይሆን ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ ነው፤ ባልጠየቃችሁኝም ልናገረው።) ስለዚህ ስልኩ የሚያሳየው ነጥብ ሳይሆን ክብ ነው።

ስልኩ ከሳተላይቶች ምልክት ቦታውን እንዴት እንደሚያውቅ ለመረዳት፣ በሸለቆ ውስጥ መንገድ የጠፋውን ሰው አስቡ፤ ሰውየው ስልኩ ነው፣ እረኞቹ ደግሞ ሳተላይቶቹ። ቦታቸው በሚታወቅ አራት ኮረብታዎች ላይ የቆሙ አራት እረኞች በተስማሙበት ቅጽበት ይጣሩለታል፤ የእያንዳንዱ ድምፅ በዘገየ መጠን የዚያን እረኛ ርቀት ይገምታል። ለቦታው ሦስቱ ይበቁት ነበር፤ አራተኛው ያስፈለገው የራሱ ሰዓት ትክክል ስላልሆነ ነው። እረኞቹ በሙሉ በአንድ ጋራ ላይ ከተደረደሩ ግምቱ ይበላሻል፤ በጣርማበር ገደል ሥር የቆመ ሰው የሚያየው ግማሽ ሰማይ እንዲህ ያለ ነው። ይባስ ብሎ ገደል ማሚቶ አለ፦ ድምፁ በቋጥኝ ተመትቶ ዘግይቶ ሲደርስ እረኛው ከእውነተኛ ቦታው የራቀ ይመስላል። የሳተላይት ምልክትም ከድንጋይና ከግንድ ላይ እንዲሁ እየነጠረ ይመጣል። ጉሙ ግን አይወቀስም፤ የሚጋርደው እርጥብ ቅጠልና ግንድ ነው።

ጨዋታው በተወለደበት በአሜሪካ፣ መጸው ሲመጣ ቅጠሉ ስለሚረግፍ ሰማዩ ይከፈታል፤ ስልኩ የተሻለ ይሠራል፤ ዕቃው ግን በረገፈው ቅጠል ሥር ይሰወራል። ይህን የአሜሪካ ልምድ እንዳለ ወደ ሰሜን ሸዋ ማምጣት አይሆንም። የወፍ ዋሻ ጽድና ዝግባ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ስለሆኑ፣ ከመስከረም 26 በኋላ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ቢደርቅም ከዛፎቹ ሥር የሚታየው ሰማይ ያው ነው። ስለዚህ ስልኩ 10 ሜትር ቀረ ሲል ወደ ኪስ ይግባ። ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው በስልኩ ላይ ያለው የአቅጣጫ ቀስት ያሽከረክረዋል እንጂ አይመራውም። ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ዓይን ነው፦ ጎድጓዳ ጉቶ፣ ተፈጥሮ እንዲህ አትደረድረውም የሚያሰኝ የድንጋይ ክምር፣ በዛፍ ሥር ላይ ሆን ተብሎ የተጋደመ የሚመስል ቅርፊት። ታጥቶ ከሆነም የሚመዘገበው «አላገኘሁም» ነው፤ «ተሰርቋል» ማለት ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል።

መቆፈርም የለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 አሜሪካ ሆን ብላ በሲቪል ጂፒኤስ ላይ የምትጨምረውን፣ እስከ 100 ሜትር ያደርስ የነበረውን ስህተት ባቆመች ማግስት ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ያስቀመጠው የጨዋታው የመጀመሪያ ዕቃ፣ ባልዲ፣ በከፊል የተቀበረ ነበር፤ የዛሬው ደንብ ግን ያለ ባለ መሬቱ ግልጽ ፈቃድ ቀብሮ መሸሸግን ይከለክላል። በደን ተዳፋት ላይ የተቆፈረ አፈር ለጎርፍ መንገድ ይከፍታል።

አንድ የሙያዬ ነገር ልጨምር። የቀድሞዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ (ኮኦርዲኔት የሚቆጠርበት የልኬት መሠረት) ሲሆን ስልኮች የሚጠቀሙት ግን ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ሌላ መነሻ ነው። በእኛ አካባቢ ካርታው ላይ በሜትር የተጻፈው ቁጥር በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል፤ ከአሮጌ ካርታ ቁጥር ቀድቶ ሳይቀይር ስልኩ ላይ የሚያስገባ ሰው የሚደርሰው ሌላ ሸንተረር ላይ ነው።