«ሐይቁ እዚህ ድረስ ነበር» እና ሌሎች የአሮጌ ጋዜጣ ፎቶ ስህተቶች

ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል። አንዱ ከአሮጌ ጋዜጣ የተወሰደ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ውኃው የባሕር ዳርን ወደብ ድንጋይ ይልሳል። ሌላው የዘንድሮ የስልክ ፎቶ ነው፤ ውኃው ርቆ ጭቃና ሣር ብቻ ይታያል። ከሥሩ «ጣና ይህን ያህል ሸሸ!» ተብሎ ይጻፋል። ሁሉም ያዝናል፣ ሁሉም ያጋራል፤ «ፎቶዎቹ የተነሡት በየትኛው ወር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ነው። ሌሎቹን ስህተቶች እግረ መንገዳችንን እናነሣቸዋለን።

«ድሮ ውኃው ቅርብ ነበር፤ ዛሬ ርቋል»

ጣና በየዓመቱ ይሞላል፣ በየዓመቱ ይጎድላል። ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ ሲበረታ ሳይሆን ወንዞቹ ያመጡት ሁሉ ከተጠራቀመ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከዚያ እየወረደ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። በተለመደ ዓመት በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1.6 ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ዳርቻውን ለማያውቅ ነው። መሬቱ በ100 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ውኃው 1.6 ሜትር ሲወርድ 160 ሜትር መሬት ይገለጣል፤ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ተኩል በላይ ማለት ነው። የፎገራና የደንቢያ ገበሬ ይህን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ውኃው ሲሸሽ ይዘራበታል፣ ሲመለስ ይለቅለታል። ለገበሬው የዘር ወቅት የሆነው ነገር ፎቶ ለሚለጥፈው ሰው የዓለም ፍጻሜ ሆነ።

ስለዚህ የጥቅምትን ፎቶ ከግንቦት ፎቶ ጋር ማወዳደር ምንም አያሳይም። ወሩ አንድ ቢሆን እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። በ1988 አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። ከዚያ በፊት ሐይቁ የሚፈሰው በተፈጥሮ ድንጋዩ ላይ እንደ ፈቃዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚፈሰው በበር ነው፤ መጀመሪያ ሁለት በሮች ነበሩት፣ በ1993 አምስት ተጨመሩ። በ1995 ድርቅና ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውኃ ተደራርበው ሐይቁ እጅግ ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር። የዚያን ዓመት ፎቶ አምጥቶ «ዛሬ» ብሎ የሚለጥፍም አይጠፋም።

ማወዳደር የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሁለቱን ፎቶ ወር አንድ ያድርግ፤ በአሥር ቀን ቢለያዩ ግድ የለም፣ በሁለት ወር ከተለያዩ ይተወው። ሁለተኛ፣ አንዱ ከ1988 በፊት ሌላው በኋላ ከሆነ ያንን በግልጽ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የውኃውን ርቀት ትቶ የማይንቀሳቀስ ነገር ይፈልግ፦ የወደቡን ደረጃ፣ የግንብ ጥግ፣ የዋርካ ሥር። ከውኃው በላይ ስንት የድንጋይ ረድፍ እንደሚታይ መቁጠር በዓይን «ይህን ያህል» ከማለት በብዙ እጥፍ ይሻላል። አራተኛ፣ ካሜራው የት እንደ ነበር ይመልከት። ከጀልባ ላይ ዝቅ ብሎ የተነሣ ፎቶ ዳርቻውን አጥቦ ውኃውን ያሰፋዋል፤ ከፎቅ የተነሣ ደግሞ ጭቃውን ሁሉ ዘርግቶ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ሐይቁ ደህና ነው ለማለት አይደለም። ደለሉም እምቦጩም እውነት ነው። በተሳሳተ ፎቶ የተከራከረ ሰው ግን እውነተኛውንም ጉዳይ ያስጥላል።

እምቦጭን ካነሣን፦ ተንሳፋፊው አረም ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ነው። «የ1970ዎቹ ጣና» በተባለ ፎቶ ላይ የእምቦጭ ሐምራዊ አበባ ካያችሁ ቀኑን ተጠራጠሩ። ረጅሙ፣ ራሱ እንደ ጃንጥላ የተበተነው ደንገል ነው፤ እሱ የጥንት ነው።

«1964 ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ 1964 ዓ.ም. ነው»

አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ጀምሮ በእኛ አቆጣጠር ይወጣል። የእንግሊዝኛው የኢትዮጵያ ሄራልድ በፈረንጅ ነው። የጢስ አባይ የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ የጀመረው በእኛ 1956፣ በፈረንጅ 1964 ነው። ከሄራልድ ላይ ቆርጦ «1964 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈ ሰው ማመንጫውን ስምንት ዓመት አዘገየው። ቀጣዩ ሰው ደግሞ ያንን ወደ ፈረንጅ ሲመልስ 1972 ይለዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይቀነሳል፤ የሚቀነሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቀኑ ጨርሶ ከጠፋ የግርጌው ጽሑፍ ይናገራል። «ጠቅላይ ግዛት» ካለ የንጉሡ ዘመን ነው፣ «ክፍለ ሀገር» ካለ የደርግ፣ «አስተዳደር አካባቢ» ካለ ከ1980 ወዲህ ያለው የደርግ መጨረሻ። መኪናም ይረዳል፦ ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የዞረችው በ1956 ስለሆነ፣ በግራ የሚሄድ መኪና ያለበት ፎቶ ከዚያ በፊት የተነሣ ነው። ወይም ተገልብጦ የታተመ ነው።

መገልበጥ ቀልድ አይደለም። ማተሚያ ቤት ኔጋቲቩን በተቃራኒ ፊቱ ካስቀመጠው ቀኙ ግራ ይሆናል። ለባሕር ዳር መፈተሻው ቀላል ነው፦ ከከተማዋ ወደ ሐይቁ ስትመለከቱ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በግራ፣ የደብረ ማርያም ደሴትና የአባይ መውጫ በቀኝ ናቸው። ከጀልባ ላይ ወደ ከተማዋ ሲሆን ተቃራኒው፣ ቤዛዊት ኮረብታም በግራ።

«ወደብ ከሆነ ባሕር ዳር ነው»

ጎርጎራም ወደብ ነው። የግርጌ ጽሑፉን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ የተቀመጠ አርታኢ ስለ ነበር ሁለቱ ይምታታሉ። ጥላውን ተመልከቱ። ባሕር ዳር በደቡብ ዳርቻ፣ ጎርጎራ በሰሜን ዳርቻ ናት። ከመስከረም እስከ መጋቢት ቀትር አካባቢ የሰው ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ጥላው ወደ ውኃው ከወደቀ ባሕር ዳር፣ ከውኃው ወደ መሬት ከወደቀ ጎርጎራ። በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወሩን ሳያውቁ ይህን መሞከር ዋጋ የለውም።

«ወደቡን ጣሊያን ፈጠረው» የሚባለውስ? የሞተር ጀልባና የግንብ መጠጊያ አምጥቷል። ጭነቱ ግን ከዚያ በፊትም በደንገል ታንኳ ይመላለስ ነበር።

የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለው ደግሞ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ከጢስ አባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ነው። ከተማዋ ዳር የነበረው አሮጌው ድልድይ ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው ነው፤ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ በግንቦት 2016 ተመረቀ።

«ከተማዋ ያደገችው የክልል መቀመጫ ስትሆን ነው»

በጥቅምት 1987 ሕዝብ ሲቆጠር ባሕር ዳር 96,140 ነዋሪ ነበራት። ይህን ሁሉ ሰው የክልል ቢሮ በሁለት ሦስት ዓመት አላመጣውም። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953፣ በሶቪየት እርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ በ1955፣ ጢስ አባይ በ1956 ሥራ ጀመሩ። በ1950ዎቹ የጀርመኑ ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር ቡድን ማስተር ፕላኗን አዘጋጀ። ሰፋፊዎቹ ጎዳናዎች የዚያ ዘመን አሳብ ናቸው።

ግራ የሚያጋባው ፎቶው ራሱ ነው። ጋዜጣ ፎቶ አንሺ የሚልከው ለምርቃት ነው። ስለዚህ በማህደሩ ውስጥ ከተማዋ ከአንዱ ሪባን ወደ ሌላው ሪባን የምትዘል ትመስላለች፤ በመካከሉ ባዶ ሜዳ። የዕለት ተዕለቱ ወደብ የሚገኘው በፎቶው ጠርዝ ነው፦ ከባለሥልጣኑ ትከሻ ኋላ ውኃ ጠጥቶ የከበደ ታንኳ እንዲደርቅ ቆሞ ይታያል፣ አጠገቡ የማገዶ ክምር፣ እህል የተሸከመ አህያ። ያንን ጠርዝ ቆርጦ መሪውን ብቻ የሚለጥፍ ሰው የከተማዋን እድገት ቆርጦ ጣለው። እባካችሁ ሙሉ ገጹን አንሡ።

ስታነሡም እንዲህ ነው። የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት ፍጭ ስለሚሠራ ብርሃንና አየር ያቢጫጩታል፣ እጥፋቱም ይሰበራል፤ በኃይል አትዘርጉት። ከገጹ ሥር ጥቁር ወረቀት አድርጉ፤ አለዚያ የጀርባው ጽሑፍ ሰርጎ ይታያል። በካሜራ ከሆነ መብራቱን ከሁለት ጎን በ45 ዲግሪ አድርጉ፣ ፍላሽ አጥፉ። በስካነር ከሆነ በ600 ዲፒአይ በግራጫ አንሡ። የጋዜጣ ፎቶ የነጠብጣብ ድርድር ስለሆነ በዝቅተኛ ጥራት ከተነሣ የሞገድ መስመር ያወጣል፤ መስመሩ ከመጣ ገጹን ጥቂት አዘንብላችሁ ደግማችሁ ሞክሩና በኋላ አቅኑት። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ «አጥርቶ» ቀለም መቀባት ይቅር፤ ነጠብጣቡ ውስጥ ያልነበረ ፊትና መስኮት ፈጥሮ ይሰጣችኋል። ፋይሉን ስትሰይሙ የጋዜጣውን ስም፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ገጽ አስገቡ። ከዚያ ስትፈልጉ «ባሕር ዳር»፣ «ባህር ዳር»፣ «ባህርዳር» እና «ባሕር ዳር ጊዮርጊስ» እያላችሁ ሞክሩ፤ በአንድ «ሐ» ብቻ የፈለገ ከማህደሩ ግማሹን ሳያይ ይመለሳል።